ሞተሩን ከማስፈታትህ በፊት ጎማዋን ጨምቃት

ወንድምዓለም፣ «የጀልባዬ ሞተር ያማሃ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ምት፣ አሮጌ ነው። ሲነሳ ደህና ነው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ግን ጉልበት ያጣል፣ ትንሽ ካረፈ ደግሞ ይመለሳል። ሜካኒኩ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ይፈታ ይላል» ያልከውን አነበብኩ። እንዳታስፈታ! ፋሻው ያለቀ ሞተር ገና ከወደቡ ሲወጣ ነው ሰነፍ የሚሆነው፤ ሩብ ሰዓት አይታገስህም። ያንተ በሽታ ቤንዚን ይመስለኛል። የትኛው ሐይቅ ላይ እንደምትሠራ አልጻፍክም፣ ጣና ነው ብዬ ልቀጥል።

1. ሲደክም ሞተሩን አታጥፋው። አንተ መሪውን ያዝ፣ ረዳትህ ከታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው የቤንዚን ቱቦ መሃል ያለችውን የእጅ ጎማ ደጋግሞ ይጨምቃት። ጉልበቱ ወዲያው ከተመለሰ ነገሩ አለቀ፦ ቤንዚን በበቂ አይደርሰውም ማለት ነው።

2. ጎማዋን እያት። ተጨማድዳ ወደ ውስጥ ከገባች የታፈነው ከእሷ በፊት ነው። መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ክፈት፤ «ፍስስ» ካለ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል። የጀልባ ረዳቶች ቤንዚን እንዳይፈስ ብለው ጥርቅም ያደርጉታል፣ ከዚያ ሞተሩ በገዛ ታንኩ ታንቆ ይሞታል። እሱ ደህና ከሆነ ታንኩ ውስጥ ያለውን መምጠጫና ማጣሪያውን እይ።

3. ጎማዋ ሳትጨማደድ፣ ስትጨመቅ ግን ሞተሩ ከተነቃቃ፣ ችግሩ ከሞተሩ ጎን በጥቂት ብሎን የታሰረችው የቤንዚን ፓምፕ ናት። ውስጧ ስስ ሽፋን አለ፤ የሞተሩ ትንፋሽ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በዝግታ ስትሄድ ይበቃዋል፣ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጠው ያጥረዋል። የኔ ይህቺው ነበረች። ለሜካኒኩ ከመጀመሪያው ነግሬው ነበር፦ «ጎማዋን ስንጨምቃት ይነሳል፣ ፓምፗን እይልኝ» ብዬ። ሳቀብኝ። «አንተ ጀልባህን ንዳ፣ ሞተሩን ለኔ ተው» አለኝ። ሸሪኬም ከእሱ ጋር ወገነ። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) እንኳ ሳይለካ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አወረደው! ሁለቱን ሲሊንደር ለክቶ ቁጥራቸው ቢራራቅ ኖሮ እኔም አፌን እዘጋ ነበር። ሬቲፊካ (ሲሊንደር ማስሞረድ)፣ አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ)፣ የእጅ ዋጋ… የጥምቀት ሰሞን ገበያ ጀልባችን መሬት ላይ ተገልብጦ አለፈ። ሞተሩ ተገጥሞ ወጣን፤ ዘጌ ሳንደርስ እዚያው በለመደበት ቦታ ደከመ። ጎማዋን ስጨምቃት ተነሳ። ሸሪኬ ያኔ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

ሽፋኗን ፍለጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ ስላጣሁ ዱባይ ያለች እህቴ ላከችልኝ። ከመዳፍ የማትበልጥ ጎማ ናት። ለማውጣት የሄድኩበት ቢሮ የተቀመጠው ልጅ «የመኪናው ሊብሬ የታለ?» አለኝ። የጀልባ ነው ስለው «ታዲያ የጀልባውን ታርጋ አምጣ» አለ። ሌላ መስኮት፣ ሌላ ማኅተም፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። በመጨረሻ አንዲት አዛውንት ጸሐፊ «ይቺ ጎማ ናት፣ ስጡት» ብለው አስለቀቁኝ። ዕድሜ ይስጣቸው። ሁለት አስልክ፤ አንዷን አስቀምጣት።

አራተኛውን ረስቼ። ጎማዋን ጨምቀህ ጭራሽ ለውጥ ከሌለ ወደ ሌላው ሂድ። ከሞተሩ ጎን የምትወጣውን የማቀዝቀዣ ውሃ ተመልከት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየ ጀምሮ የውሃ መግቢያ ቀዳዳዎቹን ሥሩ ይደፍናቸዋል፤ ሞተሩ ይግልና ይሰንፋል። ውሃዋ ከቀጠነች አጥፋና የሞተሩን እግር (ውሃ ውስጥ የሚገባውን ክፍል) አንስተህ አጽዳ። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ ግን የፕሮፔለሩ የውስጥ ጎማ እየተንሸራተተ ነው፤ ከመሃሉ እስከ ውጭው አንድ መስመር ቀለም አስምርና ሂድበት፣ ስትመለስ መስመሩ ከተሰበረ አገኘኸው። ካንዴላ (እሳት የሚጭረው) በየጊዜው የሚጠቁርብህ ከሆነ «ለጥንቃቄ» ብለህ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት እያበዛህ ይሆናል። ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይበቃዋል።

ደግሞ 40 የሚለውን ቁጥር አትመነው። እሱ የተለካው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ዝዋይና ሐዋሳም ከ1,600 ሜትር ይበልጣሉ። በየሺው ሜትር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚቀንስ፣ አዲስ ሞተር እንኳ እዚህ 40 አይሆንም። አየሩ ስስ ሲሆን ቤንዚን ይበዛበታልና አነስ ያለ ጂክለር (ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ) እና ፒቹ (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) ያነሰ ፕሮፔለር ይረዳዋል። ይሄ ግን ሁልጊዜ ያለ ድካም ነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚመጣው ያንተ ከዚህ አይመደብም።

አንዳንዱ ጎማዋን እየጨመቀ ሰው ያመላልሳል። ነውር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ መሃል ላይ ብትቀር ምን ልትሆን? ሽፋኑ ከተቀደደ ደግሞ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል።

አሁን ጎማዋ ትጨማደዳለች ወይስ አትጨማደድም፣ እሱን ጻፍልኝ። ፓምፗን ከፈታሃት ንብርብሮቹን በወጡበት ቅደም ተከተል በስልክህ ፎቶ አንሳቸው፤ አንዷ ከተገለበጠች ቤንዚን አያልፍም።