መልስ፦ የተማሪዎቼን ስም በትክክል መጥራት አቃተኝ (ጅማ)
ተማሪሽን ጫልቱን «ካልቱ» ያልሻት ቁቤውን፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ድምፅ ስላነበብሽው ነው።

«ሲ» ብቻዋን «ጭ» ናት፤ ጫላ፣ ጫልቱ። ከ«ኤች» ጋር ስትሆን «ች» ትሆናለች፤ ገመቹ። «ኤክስ» ደግሞ «ጥ» ነው። አናባቢ ሲደገም ድምፁን ሳብ አድርጊው፤ ተነባቢ ሲደገም አጥብቂው።

ከባዱ «ዲ» እና «ኤች» አንድ ላይ ሲመጡ ነው። «ዸ» ነው እንጂ «ደ» አይደለም፤ በዻሳን «በዳሳ» አትበዪው። የምላስሽን ጫፍ ወደ ላንቃሽ አጥፈሽ፣ አየሩን ወደ ውስጥ እንደመሳብ እያደረግሽ ልቀቂው። ይሄ በጽሑፍ ብቻ አይያዝም፤ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት የሥራ ባልደረባሽ ሲናገር እያየሽ ተለማመጂ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የስም ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ አትመኚው፤ ሲጻፍ የሚደገመው ፊደል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኔ ጅማ ሳስተምር የተጠራጠርኩትን ስም ባለቤቱን ለብቻው እጠይቅ ነበር። በክፍሉ ፊት ማረም የሰለቸው ልጅ ለተሳሳተውም ስም «አቤት» ይላል።