ማደሪያ ሕንፃ በውሃ ሲጥለቀለቅ ከዩኒቨርሲቲው ምን ይጠበቃል? ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ በተማሪዎች ማደሪያ ሕንፃዎች ጥገና ሥራ ላይ በመሆኔ፣ ጎርፍንና የቧንቧ ፍንዳታን በተመለከተ ጥያቄ ያላችሁ ሁሉ እንድትልኩልኝ ጠይቄ ነበር። ከደረሱኝ መካከል ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልኋቸውን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ በምትኖርበት ዶርም ቧንቧ ፈንድቶ ሦስት ፎቅ በውሃ ተበላሸ። ዩኒቨርሲቲው በማግስቱ ውሃው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አስታወቀ፤ ልጆቹን ግን እስከ ዛሬ አላስገባም። ይህ አግባብ ነው?

መልስ፦ የልጅዎ መጉላላት ቢገባኝም፣ መዘግየቱን እኔ በበጎ ነው የማየው። ውሃን በፓምፕ ማውጣት የሰዓታት ሥራ ሲሆን፣ ሕንፃውን ማድረቅ ቀናትን፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታትን ይፈጃል። የእነዚህ ሕንፃዎች የውስጥ ግድግዳ በአብዛኛው በወረቀት የተለበጠ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ከታች ውሃ ከነካው እርጥበቱን ወደ ላይ እየሳበ ስለሚሄድ፣ ወለል ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ የቆመ ውሃ ከግድግዳው ጀርባ፣ ከዓይን ተሰውሮ፣ ብዙ ከፍ ይላል። ሻጋታ ለመብቀል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። በዚህ ምክንያት ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል እስከ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ቆርጠው ያነሳሉ፤ ማራገቢያዎችንና እርጥበት የሚመጥጡ ማሽኖችን ሌትና ቀን ያሠራሉ፤ በመጨረሻም የግድግዳውን እርጥበት በመሣሪያ ለክተው ውሃ ካልነካው ፎቅ ጋር ያነጻጽራሉ። ለማደሪያ ቢሮው ሲደውሉ የእርጥበት ልኬቱ ምን ላይ እንደ ደረሰ ይጠይቁ። ይህን መመለስ የማይችል ቢሮ ካጋጠመዎት፣ ያኔ ቢቆጡ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ውሃው ከየት እንደ መጣ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም። ከመጠጥ ውሃ ቧንቧ የፈሰሰ ውሃ ቶሎ ከተነሣ ምንጣፉም ፍራሹም ሊተርፍ ይችላል፤ የፍሳሽ ወይም የወንዝ ውሃ የነካው ምንጣፍና ፍራሽ ግን ይጣላል። ንጹሕ የነበረውም ውሃ ለቀናት ከቆየ ንጹሕ ተብሎ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ በጎርፍ ጊዜ በአርአያነት ሊጠቀስ የሚችል ዩኒቨርሲቲ አለ?

መልስ፦ እኔ የምጠቅሰው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲን ነው፤ ለበጎውም ለጉድለቱም። ግቢውን የአዮዋ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከአዮዋ ሲቲ ከተማ በላይ ደግሞ በወንዙ ላይ የኮራልቪል ግድብ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008፣ እኛ ሚሌኒየሙን ባከበርንበት ዓመት ማለት ነው፣ ግድቡ ሞልቶ በማስተንፈሻው ላይ ፈሰሰ፤ ጁን 15 ቀንም (ሰኔ 8) የወንዙ ከፍታ በከተማው መለኪያ 31.5 ጫማ፣ ማለትም 9.6 ሜትር ያህል ደረሰ። ይህ በ1993ቱ ታላቅ ጎርፍ ከተመዘገበው በሦስት ጫማ ይበልጣል። 20 ገደማ የሚሆኑ ዋና ዋና ሕንፃዎች ተጎዱ፤ ከእነዚህም አንዱ በወንዙ አጠገብ፣ በዱቡክ ጎዳና ላይ የሚገኘው ሜይፍላወር የተባለው የተማሪዎች ማደሪያ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ነዋሪዎችን አስቀድሞ አስወጣ፣ የክረምቱንም ትምህርት ለአንድ ሳምንት ያህል አቋረጠ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በአሸዋ ከረጢት የተሠራው ግድብ ብቻውን አልበቃም፤ ምክንያቱም ውሃው ሕንፃዎቹን በሚያገናኙት የማሞቂያ እንፋሎት መተላለፊያ ዋሻዎች በኩልም ከመሬት በታች ገባ። ብዙ ጥንታዊ ግቢዎች እንዲህ ዓይነት ዋሻ ስላላቸው፣ ይህን ነጥብ ለየትኛውም የጥገና ኃላፊ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከጎርፉ በኋላ ክፉኛ የተጎዳው ሃንቸር የተባለው የትርዒት አዳራሽ ፈርሶ፣ ምትኩ ከፍ ባለ ቦታ ተሠርቶ በ2016 ተከፈተ። ሜይፍላወር ግን እዚያው ቀረ። በ2013 ወንዙ እንደገና ሲያይል ዩኒቨርሲቲው ውሃው ሳይደርስ ማደሪያውን ባዶ አደረገ። ይህ ካለፈው መማርን ያሳያል፤ ሆኖም ለትርዒት አዳራሽ ከፍ ያለ ቦታ ሲፈለግ ሰው የሚያድርበት ሕንፃ በነበረበት መቅረቱ፣ ወጪው ቢገባኝም፣ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ ለተበላሸብኝ ላፕቶፕና ልብስ ዩኒቨርሲቲው ይከፍለኛል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። የፈረሙት የማደሪያ ውል ለግል ንብረት ኃላፊነት እንደማይወስድ የሚናገር አንቀጽ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድመው ያንብቡት። የተከራይ ኢንሹራንስ በአመዛኙ የፈነዳ ቧንቧን ጉዳት ይሸፍናል፤ ወንዝ ሞልቶ ያመጣውን ጎርፍ ግን አይሸፍንም። ለዚያ በፌዴራል መንግሥቱ ፕሮግራም በኩል ለብቻው የሚገዛ የጎርፍ ኢንሹራንስ አለ፤ እሱም እንደ ደንቡ 30 ቀን ካልሞላው ስለማይሠራ፣ ደመናው ከከበደ በኋላ መሮጥ አይጠቅምም። ወላጆችዎ በአሜሪካ የቤት ባለቤቶች ከሆኑ፣ የእነርሱ ኢንሹራንስ በዶርም ያለውን ንብረትዎን በከፊል ሊሸፍን ስለሚችል ወኪላቸውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የመጣሁ ተማሪ ነኝ። ሆቴል አስገብተውናል፤ ፓስፖርቴና አይ-20ዬ (ለቪዛው ዩኒቨርሲቲው የሰጠኝ ሰነድ) ርሰዋል።

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመህ ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ አዲሱን አድራሻህን አሳውቅ፤ የኤፍ-1 ተማሪ የአድራሻ ለውጥን በ10 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ ጎርፉም ግዴታውን አያስቀርልህም። በሆቴል ያለው ቆይታህ አጭር ቢሆንም፣ መመዝገብ ይኖርበት እንደሆነ እነርሱው ይወስኑ። አይ-20ውን ያው ቢሮ እንደገና ያትምልሃል። ፓስፖርቱን በጥላ ሥር ዘርግተህ አድርቅ፤ ጽሑፉ ወይም ፎቶው ከተበላሸ በዋሽንግተን ወደሚገኘው ኤምባሲያችን ማመልከት ይኖርብሃል። የትምህርት ማስረጃዎችህ ከራሱና ወዲያው ማድረቅ ካልቻልህ፣ በላስቲክ ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣቸው፤ ቅዝቃዜው ሻጋታውን ያቆየዋል።

ጥያቄ፦ የክፍል ጓደኛዬ ጣሪያው ላይ ካለው የእሳት ማጥፊያ ውሃ መርጫ ላይ ልብስ ሰቅሎ ሰበረው። ልንከፍል ነው?

መልስ፦ እርሱ ሊከፍል ይችላል፤ አንተ በቦታው ያልነበርህ ከሆነ ይህንኑ በጽሑፍ አስታውቅ። በመርጫው ላይ ያለችው ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ሲደርስ እንድትፈነዳ የተሠራች ናት፤ የልብስ መስቀያ ግን ያለ እሳትም ይሰብራታል። አንድ መርጫ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ሊትር ስለሚያፈስ፣ ዋናውን መዝጊያ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ ከሥር ያሉት ክፍሎችም ይርሳሉ።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮክተር ነኝ። በየክረምቱ የአንዱ ብሎክ ምድር ቤት ውሃ ይገባበታል፤ በጀትም የለም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከመብራቱ። የብሎኩ ማከፋፈያ ሳጥን የት እንዳለ፣ ቁልፉም ሌሊት በማን እጅ እንደሚያድር ዛሬውኑ ይወቁ፤ ሶኬቶቹን ውሃ ከነካቸው ማንም ኃይሉ ሳይቋረጥ እንዳይገባ ያድርጉ። የጎርፍ መውረጃ ቦዮቹ ከሰኔ በፊት እንዲጠረጉ በደብዳቤ ይጠይቁ፣ ግልባጩንም ያስቀምጡ። ውሃው በየዓመቱ እስከ የት እንደ ደረሰ ግድግዳው ላይ በቀለም አስምረው፣ ቀኑን ጽፈው ፎቶ ያንሡት፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲጠየቅ ከቃል አቤቱታ ይልቅ ያ ፎቶ ይሻላል።