ዞምቢው ይሩጥ ወይስ ይጎተት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የፊልም ክበብ አባላት ነን። የ10 ደቂቃ የዞምቢ ፊልም ጽፈን ጅማ አጠገብ ባለው ረግረግ፣ ቦዬ ዳር ልንቀርጽ አስበናል። ገና ሳንጀምር ተጣላን። ግማሾቻችን ዞምቢ ይሮጣል ስንል የቀሩት እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው ይላሉ። የቱ ነው ልክ? ጭንቅላቱን ካልተመታ አይወድቅም የሚባለውስ ከየት መጣ?
*የክበቡ አባላት፣ ከኪቶ ፉርዲሳ*

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ችግር የሚመጣው በአንድ ፊልም ስታደባልቁት ነው።

እየተጎተተ የሚሄደው ዞምቢ ዋነኛ አባቱ የፊልም ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ሰሞኑን የሞቱ ሰዎች ይነሳሉ፣ የሰው ሥጋ ይበላሉ፣ እሳት ይፈራሉ፣ አንጎላቸው ካልተመታም አይወድቁም። የጭንቅላቱ ነገር ከዚያ ነው የመጣው። እዚያ ፊልም ላይ ለመነሳት መነከስ ግዴታ አይደለም፤ የሞተ ሁሉ ይነሳል። «አንጎል ይበላል» የሚለው ደግሞ የሮሜሮ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ የአስቂኝ አስፈሪ ፊልም ፈጠራ ነው።

ሯጩን ያስለመደን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የዳኒ ቦይል የእንግሊዝ ፊልም ነው። እዚያ የሚሮጡት ግን ሙታን አይደሉም፤ በቫይረስ ያበዱ ሕያዋን ናቸው። ስለዚህ ይራባሉ፣ በረሃብም ያልቃሉ። የእናንተም ጠብ መፈታት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ዞምቢያችሁ ሬሳ ከሆነ ቀርፋፋ ይሁን፤ አይደክምም፣ አይተኛም፣ የሚያስፈራውም ብዛቱ ነው። በሽተኛ ከሆነ ይሩጥ፤ ግን ደረቱን ተመትቶም ይሙት። ሬሳ ነው ብላችሁ በሦስተኛው ደቂቃ ቁና ቁና እየተነፈሰ ካሳያችሁ ተመልካች ይስቅባችኋል።

ቦታውንም አስቡበት። አምስት ቀርፋፋ ዞምቢ በቦዬ ሜዳ ላይ ማንንም አያስፈራም፤ ሰውየው ዞር ብሎ ይሄዳላ! ቀርፋፋ ዞምቢ ጠባብ ኮሪደር፣ የማይዘጋ በር፣ የቡና መጋዘን ውስጥ በጆንያ ክምር መሀል ያለ መተላለፊያ ይፈልጋል። ሜዳው ላይ ካልቀረጽን ካላችሁ ሯጮች አድርጓቸው፤ መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ግን የሚሮጡበትን መስመር ቀድማችሁ በእግራችሁ ፈትሹት። ደግሞ ቦዬ ጉማሬ አለበት፤ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ከውኃ ይወጣል። የሌሊቱን ትዕይንት ሌላ ቦታ ቅረጹት።

ትወናው ላይ እጅ ወደ ፊት ዘርግቶ መሄድ ይቅር፤ ካርቱን ያስመስላል። እያንዳንዱ ተዋናይ አንድ ጉዳት ይምረጥ፦ ዳሌ፣ ቁርጭምጭሚት ወይም አንገት። እስከ መጨረሻው ያንን ብቻ ይያዝ። ሲዞር አንገቱ ብቻውን አይዙር፤ ትከሻውና ደረቱ አብረው ይዙሩ። ዓይኑ የሰውየውን ፊት ሳይሆን ከኋላው ያለ ነገር ይመልከት። የሬሳ ድርቀት ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ጀምሮ በ12 ሰዓት ገደማ ይጠነክራል፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይለቃል። ስለዚህ ትናንት የሞተው ግትር፣ ሳምንት ያለፈው ልል ይሁን።

ከንክሻ እስከ መለወጥ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅም ስክሪፕቱ ላይ ጻፉት። ሰከንዶች ካላችሁ የስንብት ትዕይንት የለም፤ ሰዓታት ካላችሁ አለ። በመሀል ከቀየራችሁት ፊልሙ ተበላሸ።

ጥያቄ፦ እኛ ልጆች ሳለን ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ ሥራ ያሠራዋል ሲባል እንሰማ ነበር። ይሄ ዞምቢ የሚሉት ከዚያ በምን ይለያል?
*አንድ አባት፣ ከጅረን*

መልስ፦ አባታችን፣ እርስዎ የሰሙት ተረት ከዛሬው ፊልም ይልቅ ለጥንቱ ዞምቢ ይቀርባል። ዞምቢ የሄይቲ ነው፤ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን በሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት ይማቅቁ የነበሩ አፍሪካውያን አገር። በእነሱ እምነት ጠንቋይ ሬሳ አስነስቶ እርሻ ያሠራዋል። ዞምቢው አይናከስም፣ በሽታም አያስተላልፍም። ጨው ከቀመሰ ግን ይነቃና ወደ መቃብሩ ይመለሳል ይባላል። ሰው የሚፈራው ዞምቢውን ሳይሆን ራሱ ዞምቢ መሆንን ነበር፤ ሞቶም ከባርነት አለመገላገልን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1934 ሄይቲን ይዛ በቆየችበት ጊዜ ወሬው ተሻገረና እ.ኤ.አ. በ1932 ፊልም ተሠራበት። እ.ኤ.አ. ከ1968ቱ የሮሜሮ ፊልም ወዲህ ያለው ዞምቢ ግን አዛዥ ጌታ የለውም፤ በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይበላል።

የቡዳውን ተረት ወደ ፊልም ለማምጣት የሚያስቡ ወጣቶች ካሉ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ያ ስም ሲለጠፍ የኖረው በቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው፤ ብዙ ሰውም ተጎድቶበታል። ተረቱን ውሰዱ፣ ባለሙያዎቹን ተዉአቸው።

ጥያቄ፦ የውበት ሳሎን አለኝ። ለፊልም ስድስት ዞምቢ ሥሪልን ተብዬ ነበር። ነጭ ፓውደር ስቀባቸው ዱቄት የተደፋባቸው መሰሉ፤ ደሙም ቪምቶ ሆነብኝ። ምን ላድርግ?
*ከሂርማታ*

መልስ፦ ፓውደሩን ይተዉት። በእኛ ቆዳ ላይ ሬሳ የሚያስመስለው ንጣት ሳይሆን የደም መልክ መጥፋት ነው። ከተዋናዩ ቆዳ አንድ ደረጃ ፈካ ባለ ፋውንዴሽን ላይ ግራጫና ትንሽ አረንጓዴ የዓይን ኩል ዱቄት ይቀላቅሉና በስፖንጅ ስስ አድርገው ይቀቡ። ከንፈሩን በዚያው ያጥፉት። የዓይኑን ዙሪያ በወይን ጠጅና በቡናማ ያጥቁሩና ጠርዙን በጣት ያደብዝዙት። ጆሮ፣ አንገትና እጅ እንዳይረሱ፤ ካሜራ ቀድሞ የሚያጋልጠው እነሱን ነው።

ለደሙ ሁለት ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውኃ እስኪሟሟና ትንሽ እስኪወፍር ያፍሉና ያቀዝቅዙ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለም ይጨምሩ። ቪምቶ የመሰለብዎት ቡናማ ስለጎደለው ነው። ጅማ ተቀምጦ ካካዎ መፈለግ አያስፈልግም፤ በደንብ የተጣራ ወፍራም ጥቁር ቡና ሁለት ማንኪያ ያህል ጠብ እያደረጉ መልኩን ይዩ። ለደረቀ ደም ቡናውን ይጨምሩ። የሚበላ ነገር ስለሆነ ለአፍም ይሆናል። ነገር ግን ዝንብ ይጠራል፣ ልብስም አይለቅም፤ አሮጌ ልብስ ያልብሷቸው። ሮሜሮ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር በቸኮሌት ሽሮፕ ነው የተገላገለው።

ለቁስል ሁለት ማንኪያ ቫዝሊን ላይ የስንዴ ዱቄት ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ ጣት ላይ መጣበቅ ሲተው በቃ። የተፈጨ ቡና ቆንጠር አድርገው ቀለሙን ወደ ቆዳው ያምጡት። በደረቀ ቆዳ ላይ ለጥፈው ጠርዙን በእርጥብ ጣት ያሳሱ፤ መሀሉን በማንኪያ ጀርባ ይሰንጥቁት እንጂ ምላጭ አያስጠጉ። ፀሐይ ያቀልጠዋል፤ ቁስለኞቹን ጠዋት ያስቀርጹ። ወደ ዓይን አይጠጋ። ሱፐር ግሉና ምንጩ ያልታወቀ የዓይን ሌንስ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ሌንሱ ዓይን ያቆስላል።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ፈንገስ ሰውን ዞምቢ ሲያደርግ ጌም ላይ አይታ ጉንዳን ባየች ቁጥር ትሸሻለች። እውነትነት አለው?
*እናት፣ ከመንደራ*

መልስ፦ የጉንዳኑ እውነት ነው። በሞቃታማ ደኖች የሚገኝ ኦፊዮኮርዲሴፕስ የሚባል ፈንገስ ጉንዳን ውስጥ ገብቶ ያድጋል። ጉንዳኑ መንጋውን ትቶ ተክል ላይ ይወጣል፣ የቅጠል ጅማት ነክሶ እዚያው ይሞታል፤ በኋላ ከአንገቱ ጀርባ ዘንግ የመሰለ ነገር ይበቅላል። ሰው ላይ ግን አይመጣም። እያንዳንዱ ዝርያ የለመደው የጉንዳን ዓይነት አለው፤ የሰው ገላ 37 ዲግሪ ሙቀትም ለአብዛኞቹ የነፍሳት ፈንገሶች አይመችም። ከጉንዳን ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር እንደሌለ ይንገሯት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፈንገሱን ያስተዋወቀው ጌም (The Last of Us) አውሮፓ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ላሉ አይፈቀድም፤ ሽፋኑ ላይ ቁጥሩ አለ። ልጅዎ የተጫወተችው እሱን ከሆነ ያንሱባት።