አጥሩ ሞጆ፣ ጎማው አዳማ

ሰሞኑን ከአንባቢዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት የሞጆን ደረቅ ወደብ (ከባሕር ወደብ የመጣ ኮንቴይነር የሚያርፍበትን ግቢ) እና በአዳማ የሚመላለሱትን የጭነት መኪኖች የሚመለከቱ ናቸው። ስለዚህ የዛሬው አምድ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ ሲሆን፣ ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አጠቃለናቸዋል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ወንጂ ማዞሪያ አጠገብ፣ አስፋልት ዳር ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ተሳቢዎች ባለፉ ቁጥር በረከቦቱ ላይ የደረደርኳቸው ስኒዎች ይንቀጫቀጫሉ። የሳሎኑ ግድግዳም ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ ተሰንጥቋል። ለከተማው አስተዳደር አቤት ብል «መንገዱ የፌዴራል ስለሆነ እኛን አይመለከትም» ተባልኩ። እውነት ነውን?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው፤ ባለጉዳይን ለማሰናበት ደግሞ ግማሽ እውነት ይበቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። ከአዳማ ተነስቶ በመተሐራ፣ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ጋላፊ የሚደርሰው መንገድ ኦሮሚያንና አፋርን የሚያገናኝ በመሆኑ፣ የአስፋልቱ ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ነው። ይሁን እንጂ አስፋልቱ የማን ነው የሚለውና በከተማ ውስጥ ተሽከርካሪ የት ይቁም፣ በየትኛው የውስጥ መንገድ ይግባ፣ ሌሊት እንዴት ይነዳ የሚለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው የከተማው አስተዳደርና የትራፊክ ፖሊስ የዕለት ሥራ ስለሆነ «አይመለከተንም» የሚያሰኝ አይደለም።

ስንጥቁን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። ብዙ ነዋሪ እንዲህ ዓይነት ችግር ሲገጥመው በደጁ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራለት ያመለክታል። ጉብታው ሕፃናት ለሚሻገሩበት ቦታ ተገቢ ቢሆንም፣ ለቤትዎ ግን ነገሩን ያብሰዋል። የተጫነ ተሳቢ ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ጎማዎቹ ተራ በተራ መሬቱን ስለሚመቱት፣ ስኒዎቹ አሁን አንዴ የሚንቀጫቀጡ ከሆነ ያኔ ደጋግመው ይንቀጫቀጣሉ። የተሻለው መጠየቂያ ከደጅዎ ፊት ያለው ጉድጓድና የተገመሰው የአስፋልት ጠርዝ እንዲደፈን ነው፤ ንዝረትን የሚያባብሰው ዋናው ነገር የመንገዱ አለመስተካከል ነውና። ጉድጓዱንም የሚቆፍረው ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተደረገው ሰፊ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያረፈው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ከልኩ በላይ የጫነ አንድ ተሳቢ፣ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱ ባጃጆች ሁሉ ተደምረው የማያደርሱትን ጉዳት አድርሶ ይሄዳል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በአዳማና በሞጆ መካከል የእርሻ መሬት አላቸው። ሰዎች መጥተው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ከማሳው መሐል ተክለው ሄዱ። አንዱ «የከተማ ክልል ነው» ይለናል፣ ሌላው «የወደቡ ነው»፣ ሦስተኛው «የኢኮኖሚ ዞኑ ነው»። ድንበሩ የትኛው ነው?

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ከባዱ ነው። የሚያደናግረውም ሦስት ዓይነት ድንበር በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው።

የመጀመሪያው የአስተዳደር ወሰን ነው። መሬቱ በአዳማ ከተማ፣ በሞጆ ከተማ ወይም በገጠር ወረዳ ሥር መሆኑን የሚወስነው ይኸው ሲሆን፣ በአንድ ክልል ውስጥ ያለ ጉዳይ በመሆኑ የሚቆረጠው በክልሉ ነው። ለአባትዎ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የገጠር መሬት በገጠር መሬት ሕግ ይተዳደራል፤ ወደ ከተማ ሲካተት ግን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ይመጣል።

ሁለተኛው የጉምሩክ ወሰን ነው፤ ይህ የሚታየው በደረቅ ወደቡ አጥር ነው። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር ዲክላራሲዮኑ ተሠርቶ ቀረጡ እስኪከፈል ድረስ ከአጥሩ ውስጥ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ይቆያል። አጥሩ የዕቃ ወሰን እንጂ የገበሬ ወሰን አይደለም። ከአጥሩ ውጭ ያለን ማሳ «የወደቡ ነው» ማለት የሚቻለው ወደቡ እንዲሰፋ ተወስኖ መሬቱ በሕግ ሲወሰድ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የልማት ወሰን ነው። በአዳማና በሞጆ መካከል የተቋቋመው የገዳ ልዩ የኢኮኖሚ ዞን የዚህ ዓይነቱ ነው። በዚህ ወሰን ውስጥ መግባት ብቻውን ይዞታን አያሳጣም፤ የመልቀቂያ ትእዛዝ በጽሑፍ መድረስ አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ምክክር እንዲደረግ፣ ካሳውም ከመነሳታቸው አስቀድሞ እንዲከፈል ያዛል። ትእዛዙ የደረሰው ሰው ቅር ከተሰኘ በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማመልከት ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ትእዛዙ ከደረሰበት ዕለት እንጂ ችካሉ ከተተከለበት ዕለት አይደለም።

ስለዚህ አባትዎ ችካሉን ነቅለው እንዳይጥሉ ይምከሯቸው። ከአጠገቡ ያለው ዛፍ፣ ጎጆ ወይም የእርሻ ድንበር በሚታይበት አኳኋን ፎቶ አንስተው፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱና «ይህን ችካል የተከለው ማን ነው? በየትኛው ደብዳቤ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተጠየቀ በቃል ይመለሳል፤ በቃል የተመለሰም በማግሥቱ ይካዳል።

ጥያቄ፦ ጭሱና አቧራው በእኛ ላይ ነው፤ የወደቡ ግብር ግን የት እንደሚገባ አናውቅም። አዳማ ለምን ድርሻ አታገኝም?

መልስ፦ ደረቅ ወደቡ የተሠራው በሞጆ እንጂ በአዳማ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ድርጅት የሚከፍለው የትርፍ ግብርም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት ለፌዴራሉ ግምጃ ቤት ነው፤ የገቢ ዕቃ ቀረጥም እንዲሁ። ቅሬታው ግን ፍሬ አልባ ነው አልልም። ቦታው ሌላ ነው እንጂ። ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው፣ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ለከተሞች መንገድ ጥገናም ይመድባል፤ የከተማው አስተዳደር በከባድ መኪና ብዛት የደረሰበትን ጉዳት ቆጥሮ ክርክሩን ማቅረብ ያለበት እዚያ ነው። ቆጠራ ሳይዙ ስለ አቧራ ማማረር ግን በአዳማ ነፋስ ላይ እንደ ማማረር ነው።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ። ከጅቡቲ ሞጆ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼ አዳማ ስገባ የትም ብቆም ያስነሱኛል። ታዲያ የት እንቁም?

መልስ፦ የከተማው ነዋሪ በእርስዎ ላይ ያለውን ቅሬታ ሲነግረኝ ይህን ጥያቄ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ተሳቢ እንደ ባጃጅ በጥግ አይሰወርም። ወደ ወደቡ ለመግባት ተራ የሚጠብቅ፣ የመልስ ጭነት የሚፈልግ ወይም ጎማው ፈንድቶ ጎሚስታ ዘንድ የተሰለፈ ሰው የግድ አንድ ቦታ ያድራል። ባለፈው ሳምንት ማለዳ በመንገዱ ዳር ስሄድ አንድ ረዳት በተሳቢው ሥር ጆንያ አንጥፎ ተኝቶ አየሁ፤ ከራስጌው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የትምህርት ቤት ልጆች በአስፋልቱ ጠርዝ በነጠላ ሰልፍ ያልፉ ነበር። ለእርሱም ለልጆቹም የሚበጀው አንድ ነገር ነው፦ መፀዳጃ፣ ውኃና ጥበቃ ያለው፣ ከከተማው መውጫ ላይ የተከለለ የከባድ መኪና ማቆሚያ። ይህ እስኪሠራ ድረስ መከልከል ብቻውን ተሳቢዎቹን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር ያዛውራል እንጂ አያጠፋቸውም። ለጊዜው ግን ከመታጠፊያና ከእግረኛ መሻገሪያ ርቀው ይቁሙ፤ ሌሊት ሲቆሙም አንጸባራቂ ምልክት ሳያስቀምጡ አይተኙ።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ተሠርቶ እያለ መኪናው ለምን አልቀነሰም?

መልስ፦ አዳማ ራሷ ከባቡር ጋር ያደገች ከተማ በመሆኗ ጥያቄው ከዚህ መነሳቱ አያስገርምም። የአሁኑ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የንግድ አገልግሎት ሲጀምር ተስፋው ትልቅ ነበር፤ አንድ ባቡር ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር መጎተቱም እውነት ነው። ነገር ግን ባቡር የሚደርሰው እስከ ጣቢያ ነው፤ ከጣቢያ እስከ መጋዘን ያለውን መኪና ይጨርሰዋል። ነዳጁም በአብዛኛው የሚመጣው በቦቴ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ የሰፈሩ ሰዎች ተሳቢ ወደ ውስጥ መንገዳችን እንዳይገባ ትልልቅ ድንጋይ ብንደረድርስ?

መልስ፦ አይቻልም። የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስም በዚያው ይገባሉ፤ በሌሊት ድንጋዩን ሳያይ የሚገለበጥ ባለሞተር ቢኖር ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ከዚያ ይልቅ የክብደት ገደብ ምልክት እንዲተከል ለክፍለ ከተማችሁ አመልክቱ። ማመልከቻው ላይ የመንገዱን ስፋት በሜትር ለክታችሁ፣ ከሥሩ የሚያልፍ የውኃ ቱቦ ካለ ጠቅሳችሁ፣ ተሳቢዎቹ የሚገቡበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት መዝግባችሁ አያይዙ። ከሰፈሩ ቢያንስ አንድ ሰው የማመልከቻውን ቅጂ በመዝገብ ቤት ማኅተም አስመትቶ ይያዘው።