«ንጉሠ ካህን» ወይስ «ንጉሥ ወካህን»?

ጥያቄ፦ በደቡብ ቱርክ ተራሮች ላይ ስለምትገኘው ጥንታዊቷ ኦልባና የግሪኮች አምላክ ዜውስ ይመለክበት ስለነበረው ቤተ መቅደሷ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ገዥዎቿ ካህናት ስለነበሩ «የንጉሠ ካህናት አገር» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ያነበበልኝ ወንድሜ «ንጉሠ ካህን ይሻላል» አለኝ፤ ደግሞም የዜውስን አገልጋይ «ካህን» ማለት አይገባም ብሎ ተከራከረኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ «ንጉሠ»ን ሁለታችሁም ብትተዉት እመክራለሁ። ችግሩ ያለው በአንዲት ፊደል ላይ ነው። «ንጉሥ» በሳድስ (በስድስተኛው ፊደል) ያልቃል፤ የግእዝ ቋንቋ አንዱን ስም ለሌላው ሲያዛርፍ፣ ማለትም «የእገሌ» ብሎ ሲያያይዝ፣ ያንን ሳድስ ወደ መጀመሪያው ፊደል ይለውጠዋል፦ ቤት፣ ቤተ መቅደስ፤ ሊቅ፣ ሊቀ ካህናት፤ ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት። ስለዚህ «ንጉሠ ካህናት» ማለት የካህናት ንጉሥ ማለት ነው። ያ ንጉሥ ራሱ ክህነት የሌለው ሊሆን ይችላል። «ንጉሠ ካህን» ደግሞ የአንድ ካህን ንጉሥ ይሆናል፤ ይህ ጭራሽ ትርጉም አይሰጥም።

ለአንድ ሰው ከሆነ ቃሉ በእጃችን አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ይምርሃነ ክርስቶስንና ላሊበላን «ንጉሥ ወካህን» እያለች ስትጠራ ኖራለች። «ወ» ሁለቱን ማዕረግ በአንድ ሰው ላይ ታኖራለች። ሲበዛ ግን ይህም ያስቸግራል፤ «ነገሥት ወካህናት» ካልን አንባቢው ሁለት ወገን ሰዎችን ያስባል፣ ነገሥታቱን ለብቻ፣ ካህናቱን ለብቻ። ለብዙ ቁጥር እኔ የምመርጠው ሰባኪዎቻችን ዘወትር የሚሉትን ነው፦ «ክህነትን ከንግሥና አስተባብረው የያዙ»። ረዘም ይላል፣ ግን ማንንም አያሳስትም።

የኦልባን ነገር ቀረብ ብለን ስናየው ግን «ንግሥና» ራሱ ያጠራጥረኛል። ቤተ መቅደሱ ከሲሊፍኬ ከተማ በስተሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ዓምዶቹ ዛሬም ቆመዋል። ጂኦግራፈሩ ስትራቦን እንደጻፈው የዚህ ቤተ መቅደስ ካህን የተራራማው ኪልቅያ ገዥ ሆነ፤ አብዛኞቹም ካህናት ቴውክሮስ ወይም አያስ ይባሉ ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንዱ አያስ ባስቀረጸው ሳንቲም ላይ ስሙን ተከትሎ የሚነበበው የግሪክ ማዕረግ በአማርኛ «ሊቀ ካህናትና የአገር ገዥ» ነው። ንጉሥ አላለም! ክህነቱንም ከግዛቱ አስቀድሞ ነው የጻፈው፤ ሥልጣኑ የመጣው ከመቅደሱ ነውና። በይምርሃነ ክርስቶስና በላሊበላ አገር በላስታ ግን ንጉሡ ነው ካህን የሆነው። እንግዲህ ለኦልባ «ገዥ ካህናት» ወይም «ካህናቱ የሚገዟት አገር» ቢሉ ከሳንቲሙ ጋር ይስማማሉ።

የወንድምዎ ሁለተኛ ክርክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ክህነት በእኛ ዘንድ በአንብሮተ እድ የሚሰጥ ምሥጢር ነውና ቃሉ ለጣዖት ሲውል ጆሮ ይከብደዋል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ፈቅዶታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ይክፈቱ፦ የልስጥራን ሰዎች በርናባስን «ድያ» ብለው ጠሩት፤ ድያ ማለት ያው ዜውስ ነው። ቀጥሎ ኮርማና የአበባ አክሊል ይዞ የመጣውን ሰው መጽሐፉ «የድያ ካህን» ይለዋል፣ የሚያገለግልበትንም ቤት «ቤተ መቅደስ»። ልስጥራን ደግሞ ከኦልባ የምትለየው በታውሮስ ተራሮች ነው፤ አምላኩም ያው ነው። ወንድምዎ አሁንም ቅር ካለው ቃሉ መጀመሪያ በሚገባበት ቦታ አንድ ጊዜ «የጣዖት ካህን» ብለው ይጻፉለት፤ ከዚያ ወዲያ «ካህን» ብቻ ይበቃል።