ከማይክሮፎኑ በፊት ክፍሉ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ለብዙ ዓመታት በመምህርነት ያገለገልኩ ስሆን፣ የሚሰሙኝ ሁሉ ድምፄ ለትረካ እንደሚሆን ይነግሩኛል። ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን ለማስታወቂያ፣ ለትምህርታዊ ቪዲዮና ለድምፅ መጻሕፍት በግሌ እየተረክሁ ገቢ ለማግኘት አስቤአለሁ። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ጥሩ ማይክሮፎን ልግዛበት ወይስ ልሠልጥንበት? ደንበኛስ ከየት ይገኛል?
መምህርት ነኝ

መልስ፦ ገንዘብዎን ለጊዜው ከሁለቱም ይያዙት። በቅድሚያ የሚያስፈልግዎ ጸጥ ያለና የማያስተጋባ ክፍል ነው። ማይክሮፎን የሚቀዳው ከአፍዎ የሚወጣውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው፣ ከመስኮቱ መስታወትና ከጠረጴዛው ላይ ነጥሮ የሚመለሰውንም ጭምር ነው፤ የማራገቢያን የማያቋርጥ ድምፅ በኮምፒውተር በመጠኑ መቀነስ የሚቻል ሲሆን፣ አንዴ ከንግግሩ ጋር የተቀዳን የክፍል ማስተጋባት ግን ንግግሩን ሳያበላሹ ማውጣት እጅግ አዳጋች ነው። በባዶ ክፍል ውስጥ የቆመ ውድ ማይክሮፎን የክፍሉን ጉድለት አጥርቶ ከማሰማት በቀር ብዙ አይፈይድም። ስለዚህ ልብስ የሞላበትን ቁም ሣጥን ከፍተው ፊትዎን ወደ ልብሶቹ ያዙሩ፣ ከጀርባዎ ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ አጨብጭበው ያድምጡ። ጭብጨባው ጭራ ሳያስከትል ቶሎ የሚሞት ከሆነ ቦታው ለመጀመሪያ ይበቃዎታል።

ቀጥሎም ምንም ሳይናገሩ ለጥቂት ሰከንዶች ዝምታውን ቀድተው ይለኩት። ኤሲኤክስ የተባለው የድምፅ መጻሕፍት ማዘጋጃ መድረክ ከተራኪዎች የሚጠይቀው መስፈርት ለዚህ ጥሩ መለኪያ ይሆንዎታል፤ የዝምታው ድምፅ ከ-60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ሲሆን፣ በቀረጻ ጣሪያው ዜሮ ስለሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይጻፋል) የማይበልጥ፣ የንግግሩ አማካይ መጠን ከ-23 እስከ -18 ዴሲቤል ባለው ክልል የሚያርፍ፣ ከፍተኛው ጫፍ ደግሞ ከ-3 ዴሲቤል የማያልፍ መሆን አለበት። ለመቅዳትም ለመለካትም ኦዳሲቲ የተሰኘው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል።

ማይክሮፎኑን በተመለከተ፣ በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የዩኤስቢ ማይክሮፎን ለጅምር አያሳፍርም። ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ረቂቅ ድምፅ ስለሚይዝ ተራኪዎች ይመርጡታል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የ48 ቮልት ኃይል የሚሰጠው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ያስፈልገዋል፣ የጎረቤትን በርም ይሰማል። ክፍልዎ ጫጫታ ካለበት ዳይናሚክ የሚባለው ይሻልዎታል። የትኛውንም ቢይዙ ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ያስቀምጡትና በ እና ፐ ሲነገሩ የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው በመጠኑ ወደ ጎን ያድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የመምህርነት ልምድዎ ለዚህ ሥራ ሀብትም ዕዳም ነው። ሀብት የሚሆነው ሐሳብን ከፋፍሎ ማስረዳትን ስለሚያውቁ ሲሆን፣ ዕዳ የሚሆነው ደግሞ ድምፅዎ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲደርስ ሆኖ ስለተገራ ነው። አድማጭዎ ግን አንድ ሰው ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ ከእርስዎ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ ያዳምጥዎታል። ለክፍል የሚወጣው ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ቁጣ ይመስላል። ከፊትዎ የሚወዱት አንድ ሰው እንደተቀመጠ አስበው ለእርሱ ብቻ ይንገሩት፤ ቀረጻውንም በማግስቱ፣ ጆሮዎ ሲያርፍ፣ መልሰው ያድምጡት።

ጽሑፉን ሳያዘጋጁ ወደ ማይክሮፎን አይቅረቡ። የአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ «ይመታል» የሚለው መቺውን ይሁን ተመቺውን የሚናገር መሆኑን ከዓረፍተ ነገሩ አስቀድመው ተረድተው በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይኖርብዎታል። ማሰሪያ አንቀጹም መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ በረጅም ዓረፍተ ነገር መካከል ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ ያልመረጠ ተራኪ ግሡ ላይ ሲደርስ አየር አልቆበት የሐሳቡን መቋጫ ይውጠዋል። ጀማሪን ከባለሙያ የሚለየው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የድምፅ ውበት ከዚህ በኋላ የሚነሳ ጉዳይ ነው ብል አላጋነንኩም። ሥልጠና የሚወስዱ ከሆነም የሚያነቡትን ሰምቶ የሚያርምዎትን አሠልጣኝ ይፈልጉ እንጂ፣ በሁለት ቀን ባለሙያ አድርጎ ናሙና (ለደንበኛ የሚላክ አጭር የድምፅ ቅጂ) ቀድቶ ለመሸኘት ቃል ለሚገባው አይክፈሉ።

ናሙናዎ ለማስታወቂያ ከ1 ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ለትረካና ለትምህርታዊ ሥራ ደግሞ የየራሱን ያዘጋጁ። መራጮች የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ሰምተው ስለሚወስኑ በሙዚቃ መግቢያ አያቆዩአቸው። ደንበኛ እንደ ቮይስ 123 እና ፋይቨር ባሉ የኢንተርኔት የሥራ መድረኮች ይገኛል፤ ሆኖም ውድድሩ ብርቱ ስለሆነ ለቪዲዮ አዘጋጆች፣ ለአሳታሚዎችና የርቀት ትምህርት ለሚያዘጋጁ ድርጅቶች አጭር ደብዳቤና ናሙና በቀጥታ መላክ ይበልጥ ያዋጣል ባይ ነኝ። የድምፅ መጽሐፍ ሲዋዋሉ የቀረጻውን ሰዓት ብቻ አይቁጠሩ። ቀረጻው፣ እርማቱና ዳግም ማዳመጡ ሲደመሩ ለ1 ሰዓት የተጠናቀቀ ትረካ 6 ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ድርጅት የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ በአንድ ክፍያ አንብቤ ነበር። ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የመሰለኝ ድምፄ አሁን በቴሌቪዥን ይሰማል። ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ እችላለሁ?
ድምፄ የቀረብኝ

መልስ፦ መጠየቁን በትህትና ይጠይቁ፤ መብትዎ ግን የሚወሰነው በውሉ ላይ በተጻፈው ነው። ምንም ያልተጻፈ ከሆነ ክርክሩ ረጅም ስለሚሆን ከመክሰስ ይልቅ በመልእክት የተለዋወጣችሁትን ሰብስበው ለድርጅቱ ቢያቀርቡ ይሻላል። ለወደፊቱ ግን ሁለት ዋጋዎችን ነጣጥለው ያቅርቡ፤ አንደኛው የንባቡና የቀረጻው ዋጋ ሲሆን ሌላው የአጠቃቀሙ ነው። አጠቃቀሙ በየትኛው መገናኛ ብዙኃን፣ በየትኛው አካባቢና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይጻፍ፣ ጊዜው ሲያበቃም እድሳት እንደሚያስከፍል ይገለጽ። ለዘለዓለምና በሁሉም ቦታ የሚል ውል ከቀረበልዎ ዋጋውም እንዲሁ ከፍ ማለት አለበት። ስለ እርማትም ይስማሙ፤ በእርስዎ ስሕተት የሚደገመው በነፃ፣ ደንበኛው ጽሑፉን ቀይሮ የሚያስደግመው በክፍያ ይሁን።

ዛሬ ደግሞ የማይታለፍ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ አለ። ድምፅዎ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን ወይም የድምፅዎን ቅጂ ለመፍጠር ያለ ፈቃድዎ እንደማይውል በግልጽ ይጻፍ። ጉዳዩ ተራ ሥጋት አይደለም፤ ሳግ-አፍትራ የተባለው የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 እስከ ጁን 2025 በቪዲዮ ጨዋታ አምራቾች ላይ ባካሄደው የሥራ ማቆም አድማ ዋነኛው የውዝግብ ነጥብ ይኸው ነበር። «በአሁኑም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር ቴክኖሎጂ» የሚል ሐረግ ሲያዩ ብዕርዎን አስቀምጠው ማብራሪያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ደንበኞች ለፈተና ሙሉውን ጽሑፍ አንብቤ እንድልክ ይጠይቁኛል። ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። ከጽሑፉ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አንብበው ይላኩ፤ ችሎታን ለመመዘን ይህ ይበቃል። ሙሉውን ካልሰማሁ የሚልን ደንበኛ የቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁት።