መልስ፦ ፍሬሙ ሰፋ፣ ሽፋኖቹ ግን በድሮው ልክ ቀሩ
ወንድሜ፣ የበቆሎ መፈልፈያውን ፍሬም በኢንቬንተር (የማሽን ዲዛይን መሥሪያው ሶፍትዌር) አስፍተህ ከሱ ዲራይቭ ያደረግካቸው (ከፍሬሙ ፋይል ጋር በሊንክ አያይዘህ የሠራሃቸው) ሽፋኖች አልቀየር አሉኝ ያልከውን አየሁ። መጀመሪያ ሽፋኑን ክፈትና በሞዴል ዝርዝሩ ላይ የዋናውን ፋይል (የፍሬሙን) ስም በቀኝ ክሊክ ነካው። ሊንኩ ሰፕረስ ተደርጎ (ለጊዜው ተዘግቶ) ከሆነ ቀላል ነው፣ መልሰህ ትከፍተዋለህ። ብሬክ ሊንክ ብለኸው (ጨርሰህ ቆርጠኸው) ከሆነ ግን አለቀ፣ እንደ አዲስ ዲራይቭ ማድረግ ነው። ሊንኩ ደህና ከሆነ አፕዴት በለው።

ሌላው ጣጣ የፋይል ስም ነው። እኔ እዚህ አዳማ በምሠራበት ወርክሾፕ አንዱ ልጅ ፎልደር ላስተካክል ብሎ የዋናውን ፋይል ስም እዛው ዊንዶውስ ላይ ቀየረው፣ ተከታዮቹ ሁሉ አባታቸው ጠፋባቸው፣ እኛም የነቃነው በድሮው ልክ ላሜራ ከቆረጥን በኋላ ነው (ላሜራ ደግሞ ዋጋውን ታውቀዋለህ)። ስም መቀየር ካማረህ ሊንኮቹን አብሮ በሚያስተካክለው የኢንቬንተር መሣሪያ፣ በዲዛይን አሲስታንት ቀይር። ወደ ፍላሽ ስትገለብጥም ተያያዥ ፋይሎቹን አንድ ላይ የሚሰበስበውን ፓክ ኤንድ ጎ ተጠቀም።

የሽፋኖቹ ቀዳዳዎች ቦታ ሳቱ ላልከው፣ ስኬቹን (የቀዳዳዎቹን ንድፍ) ከፍሬሙ በመጣው ፊት (ገጽ) ላይ አትሥራው። ፊቱ ሲቀየር ስኬቹ መደገፊያ ያጣል። ወርክ ፕሌን (አንተ የምትፈጥረው ረዳት ጠፍጣፋ ገጽ) ላይ አድርገው። ስፋቱንም ዋናው ፋይል ውስጥ ፓራሜትር አድርገህ ስም ስጠውና ኤክስፖርት የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርግበት፣ ዲራይቭ ስታደርግ አብሮ ይመጣልሃል።